ሽቅብ የወጡ ቆርኪዎች

መምህርት ለተመድህን ውሃ ከመጠጣቷ በፊት ታሸተዋለች። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የሩቅ ዘመድ ድምፅ ለመለየት እንደምትጥር ሁሉ ትንሽ ትቆያለች። ባሏ አስማማው በመጀመሪያ ይስቅባት ነበር። "ጠጅ መሰለሽ እንዴ?" ይላታል። አሁን አይስቅም። አሁን እሱም ያሸታል።

ጉድጓዱ የተቆፈረው በዚያ በክፉው ጊዜ ነው። ቧንቧው ደርቆ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሰው ከሰማይና ከምድር በቀር የሚለምነው ያጣበት ጊዜ ነበር። አስማማውና የሰፈሩ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ቆፈሩት። ውሃው ብቅ ሲል ለተመድህን በጣሳ ቀድታ ጎረቤቱን ሁሉ አቀመሰች። ጣፋጭ ነበር፤ በድንጋይ ሆድ ውስጥ ያደረ፣ ቀዝቃዛ፣ ዝምተኛ ውሃ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ጎርፉ ከቦዩ ተርፎ ግቢያቸው ከገባ በኋላ፣ ከባልዲው ላይ ስስ ነገር መንሳፈፍ ጀመረ። ፀሐይ ሲነካው እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል። ያምራል። የሚያምር ነገር ሁሉ እንደማይጠጣ ለተመድህን ያን ጊዜ ነው የገባት።

ቤታቸው መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከገበያው ወደ ታች ሲወረድ፣ መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይተሻሽ የማይተላለፍበት ቦታ። ከግቢያቸው ጎን ቦዩ ያልፋል። ከቦዩ በላይ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ፣ የሓድጉ ጋራዥ አለ። ለተመድህን በዓይኗ አየች ማለት አይቻልም። ጥቁር ነገር ሲፈስ አይታለች፤ ያፈሰሰውን እጅ ግን አላየችም። ጥርጣሬ ደግሞ እጅ ማየት አያስፈልገውም፤ ሽታ ይበቃዋል።

አንድ ቀን ሓድጉ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ቦዩ ሲሄድ አየችውና መጋረጃው ጀርባ ቆመች። እሱም እንደ ነገሩ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። ጀሪካኑን መልሶ ይዞት ገባ። ውሃ ይሁን ዘይት፣ ሊደፋ ይሁን ሊቀዳ፣ አልታወቀም። በማግስቱ መንገድ ላይ ተገናኙ።

"ከመይ ሓዲርኪ፣ መምህር?"

"እግዚኣብሄር ይመስገን፣ ኣያ ሓድጉ። ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና። ትምኒት ታስቸግራለች?"

"እሷማ የክፍሉ መብራት ናት።"

ሰላምታው ምንም አልጎደለውም፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያዩም።

ለተመድህን ከመቐለ አለፍ ብላ ያለችው የቁሓ ልጅ ናት። እዚያ ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ግራጫ ነጠላውን እየጎተተ ሜዳውን ያቋርጣል። ልጅ ሳለች ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጎርፉን ትከተለው ነበር፤ በእግሯ ሳይሆን በሐሳቧ። "ኣደይ፣ ውሃው የት ነው የሚያድረው?" ብላ እናቷን ጠየቀች። እናቷ "ሰው ቤት" አለቻት። ልጅቱ ይህን መልስ ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም። በኋላ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ካርታ ማንበብ ስትለምድ፣ የመቐለ ውሃ ወደ ኢላላ ወንዝ፣ ኢላላ ወደ ጊባ፣ ጊባ ወደ ተከዜ እንደሚሄድ አወቀች። ያን ቀን ደብተሯን አቅፋ አለቀሰች ይባላል። ለምን እንዳለቀሰች የጠየቋት ሁሉ አልገባቸውም። ከደጃፏ የሄደ ውሃ ያን ያህል ሀገር እንደሚያይ፣ እሷ ግን እዚያው እንደቀረች ነው የታሰባት።

እንዲህ ያለች ልጅ አድጋ የሳይንስ መምህርት ብትሆን አይገርምም። የሚገርመው አስማማውን ማግባቷ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የተሰበረ ወንበርና ጠረጴዛ የሚጠግን አናጺ። ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ እንኳ ያንጎራጉራል። እሷ በትግርኛ ትቆጣዋለች፤ እሱ በአማርኛ ግጥም ይመልስላታል። የጉድጓዱ ውሃ ከተበላሸ ወዲህ እንዲህ የምትል ግጥም አመጣ፦

ደመናው ሲጠቁር ሆዴ ይባባል፣
የላይ ቤቱ ጎርፍ የታች ቤት ይገባል።

"አስተምሪው እንጂ ይሄንን" አላት አንድ ቀን፣ በር እየላገ። "መጋረጃ ጀርባ ከምትቆሚ።"

"ምኑን?"

"የላይና የታችን ነገር።"

እሷም በሩን አየችው። ከአንድ ክፍል የተነቀለ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ አሮጌ በር ነው። "ይሄ ይጠገናል?" አለች። "አይጠገንም" አለ። "እንግዲያስ ስጠኝ።"

እሷ የምትመራው የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ትልቁን ሥራ የጀመረው እንዲህ ነው። በሩን ከጥግ ባለው ክፍል አጋደሙት፤ በአንድ ጫፉ ሥር ብሎኬት ከተው ዳገት አደረጉት። እያንዳንዱ ተማሪ ከግቢው አንድ ጭብጥ አፈር በፌስታል አመጣ። አፈሩን ለውሰው ኮረብታውን፣ ተዳፋቱን፣ የገበያውን ደልዳላ ሠሩ፤ ውሃ እንዲሄድበት ላስቲክ አለበሱት። ቦዩን ያሰመረችው ትምኒት ናት፣ የሓድጉ ልጅ፤ በጣቷ፣ ምላሷን ወጣ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች። ከበሩ ግርጌ ሰማያዊ ሳፋ ተቀመጠ፤ ኢላላ ሆነ። ሣር ባለበት ቦታ ስፖንጅ ቆርጠው ለጠፉ። ቤቶቹ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪዎች ሆኑ፤ ሁሉም በቆርኪው ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎ ቤቱ ባለበት አኖረ። ትምኒት ት ብላ ጽፋ ከዳገቱ ወገብ ላይ አስቀመጠች።

ለተመድህን የራሷን ቆርኪ አላስቀመጠችም። ከቦዩ ግርጌ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

"ተፋሰስ ማለት" አለቻቸው፣ "ዝናቡ በማንም ጣሪያ ላይ ይውረድ፣ መጨረሻው አንድ በር የሚያንኳኳበት ሀገር ማለት ነው። ተራራውን ወላጆቻችሁ በእርከን አጥረውታል። አፈሩ እንዳይሄድ ድንጋይ ተሸክመዋል። ከተማውንስ ማን ያጥረው?"

ከዚያ አንድ ሰሃን የተፈጨ በርበሬ አቀረበች። ከየቤታቸው ወደ ደጅ የሚወጣ መጥፎ ነገር ካለ፣ የሳሙናም ይሁን የአተላ፣ የዘይትም ይሁን የቆሻሻ፣ በዚያ ልክ ቆንጥረው በቆርኪያቸው ሥር እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ማንም ማንንም አይጠቁምም፤ ሁሉም የራሱን ብቻ። አንዱ በጥፍሩ ጫፍ አደረገ፤ አንዷ ቆንጥራ ግማሹን መለሰች። ትምኒት በሦስት ጣቷ ሙሉ አንስታ ት ላይ አፈሰሰችው። መምህርቷ ይህን ስታይ ልቧ አንዴ ዘለለ። ከዚያ ክዳኗ በሚስማር የተበሳ ሃይላንድ አንስታ አዘነበች።

ቀዩ ወረደ። ቦዩን ይዞ፣ እየተቀላቀለ፣ እየወፈረ፣ ሳፋው ውስጥ ገብቶ ተዘረጋ።

"ኢላላ ወጥ ሆነ" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ትምኒት ብቻ አልሳቀችም፤ የማን ቀይ የት እንደደረሰ በዓይኗ ስትከተል ነበር።

ማታ እራት ላይ ትምኒት ለአባቷ ነገረችው። "ኣቦይ፣ ዛሬ ቤታችንን ቀይ አደረግነው።"

የሓድጉ እጅ ከትሪው ላይ ቆመ። "ምን አደረጋችሁት?"

"ቀይ። ቦዩ ዳር ያለነው ሁሉ ቀይ ሆንን። የእኛ ከሁሉም በለጠ።"

"ማን አዘዛችሁ?"

"መምህርት ለተመድህን። አፈሩንም ከየቤታችን ወስደን ነበር። ሰፈሩን እንዳለ ነው የሠራነው፤ ቤቶቹን፣ መንገዱን።"

በከተማው ውስጥ ቀይ ቀለም አስተርጓሚ አይፈልግም። አንድ ጠዋት ተነስተህ አጥርህ ላይ ቀይ ምልክት ካየህ፣ ቤትህ መንገድ ሊሆን ነው። ማን እንደቀባው አታይም። መጀመሪያ ሰዎች መጥተው ዝም ብለው ያያሉ፤ ከዚያ አንድ ሰው ይለካል፤ ከዚያ ቀዩ ይመጣል። በወዲያኛው ሰፈር መንገድ ሲሰፋ የሆነው እንዲሁ ነው፤ ሓድጉ የድሮ ጋራዡን ያጣው እዚያ ነው። የጋራዡ ግድግዳ ሲፈርስ ቆሞ ያየ ሰው፣ ልጁ "ቤታችን ቀይ ሆነ" ስትለው፣ የትኛው ቀይ ብሎ አይጠይቅም።

በነጋታው ወሬው ከቦዩ በላይና በታች ደረሰ። ስዋ ጠምቀው የሚሸጡት፣ ሰፈሩ ሁሉ ኣደይ የሚላቸው ወይዘሮ ኣሰለፈች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነገሩን ይፈቱት ጀመር።

"አፈሩን ለምን የወሰዱት ይመስላችኋል? ሊመረምሩት ነው። ለፎቅ ይሆናል አይሆንም ብለው።"

"በልጆች እጅ?" አለ አንድ ጎረቤት።

"በማን እጅ ሊሆን ነው ታዲያ? ልጅ ማን ይጠረጥራል? ባሏስ ዩኒቨርሲቲ አይደል የሚሠራው? ካርታውን የሚስለው እሱ ነው።"

"ኣደይ፣ እሱ እኮ ወንበር ጠጋኝ ነው።"

"ወንበር ጠጋኝ" አሉ ኣሰለፈች፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። "የነገሩህን ማመን መቼም ልማድህ ነው።"

ሓድጉ አልተሟገተም። ትምኒትን ከትምህርት ቤት አስቀራት። ውቅሮ አጎቷ ዘንድ ሄዳ እዚያ ትማር ብሎ ልብሷን እንድታሰናዳ አዘዘ። ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደጃፍ ላይ ነበረች። ጎበዞች ተፈትነው የሚገቡበት ቃላሚኖ ትምህርት ቤት የመግባት ሕልም ነበራት። በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር ሓድጉ ራሱ መኪናውን ቀስ አድርጎ "ያውልሽ ግቢሽ" ይላት ነበር። አሁን ስለ ቃላሚኖ ማንሳት ተወ።

ለተመድህን ባዶውን ወንበር ስታይ ዋለች። የመጀመሪያውን ቀን አሟት ነው አለች። ሁለተኛውን ቀን ልጆቹ ነገሯት። ወደ ጋራዡ ልትሄድ ተነሳች፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ሰዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። ቢጠይቋት ከዝምታው ይሻላት ነበር። ተመለሰች።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ዮሃንስ ጠራት። ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነቱ ጠብ ሲመጣ ቦታውን ይለቃል።

"ወላጆች መጥተው ነበር" አላት። "ቤት ልታስፈርስ ነው ይላሉ።"

"በበርበሬ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ መምህር። ቅዳሜ ጥሪያቸውና አሳዪአቸው። ካመኑ አመኑ። ካላመኑ ሰኞ በሩ መጋዘን ይገባል፤ ክበቡም ይዘጋል።"

"ትምኒትስ?"

ዮሃንስ ወደ መስኮቱ አየ። "እሷ በእኔ እጅ አይደለችም። አባቷ መሸኛዋን ሰኞ እወስዳለሁ ብሏል።"

ለተመድህን ስለ ክበቡ አልተከራከረችም። በር ቢገባ ሌላ በር ይገኛል። ያች ልጅ ግን በራሷ ጣት የሰፈሯን ቦይ አስምራ፣ ያየችውን እውነት በሦስት ጣቷ አንስታ ያስቀመጠች ልጅ ናት። በዚያ ምክንያት ከወንበሯ ብትነሳ፣ ከእንግዲህ እውነት ልታነሳ ጣቷን ትዘረጋለች?

ቅዳሜ መጡ። በሩን ከበው ቆሙ፤ ግን እባብ የተኛበት ይመስል አልቀረቡትም። ሓድጉ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ለተመድህን ማስረዳት ጀመረች፤ ማንም አይሰማትም። ሁሉም የሚፈልገው የራሱን ቆርኪ ነው።

ኣሰለፈች ጎንበስ ብለው የልጅ ልጃቸውን ፊደል አገኙ። "ይቺ የእኔ ቤት ናት?"

"አዎ፣ ኣደይ።"

"ለምን ቦዩ ጫፍ ላይ አደረጋችኋት?"

"ቤትዎ ቦዩ ጫፍ ላይ ስለሆነ።"

"ወደዚህ ብትሆንስ?" ብለው ቆርኪዋን በሁለት ጣት አንስተው ከኮረብታው አናት ላይ አስቀመጧት። ወደኋላ ሸሽተው አዩአት። "እዚህ ነፋሱም ይሻላል።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ግን ሌላዋ እናትም እጇን ዘረጋች። የእሷንም ከኣሰለፈች ጎን ሰካች። ከዚያ አንድ አባት፤ ከዚያ ሌላ። ማንም ፈቃድ አልጠየቀም።

"ትንሽ ፈቀቅ በሉ እንጂ፣ ለእኛም ቦታ ተዉልን።"

"ቀድመህ አትመጣም ነበር?"

"የድንበር ክስ ሊመጣ ነው እኮ።"

ለተመድህን ልትከለክል አፏን ከፈተችና ተወችው። ገባት። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት ጭቃና ላስቲክ አይደለም። ቆርኪው የተቀመጠበት ቤታቸው የሚቀርበት ይመስላቸዋል። ስንት ጊዜ ሳይጠየቁ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተነስተዋል፤ ዛሬ ጠረጴዛው ፊታቸው ነው፣ እጃቸውም ይደርሳል። ማን ይከለክላቸዋል?

መጨረሻ ላይ ሓድጉ ከግድግዳው ተነስቶ መጣ። ት ያለባትን አነሳት፤ አገላብጦ የልጁን ጽሑፍ አየ። ከሁሉም በላይ፣ ከጫፉ ጫፍ ላይ አኖራት። ስፖንጆቹ በቆርኪ ክምር ሥር ተጨፈለቁ። ከታች ያለው ተዳፋት ባዶ ሆነ፣ ሰው ጥሎት እንደሄደ መንደር።

ያን ጊዜ ኣሰለፈች ዙሪያውን አዩና "የአንቺስ?" አሉ።

"ምኔ?"

"ቤትሽ። የሁላችንም አለ፤ የአንቺ የለም። ምድሩን ሁሉ ሠርታችሁ፣ ያንቺን ብቻ ረሳችሁት?" ድምፃቸው አልጨመረም። "የሰው ቤት የሚያስፈርስ ቤት የሌለው ሰው ነው፣ ልጄ።"

ለተመድህን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ባዶ ቆርኪ አነሳች። ለ ብላ ጻፈችበት። በችኮላ ነበርና ፊደሏ ተጣመመች። ወስዳ ከቦዩ ግርጌ፣ ከሳፋው ጠርዝ፣ ባዶ በነበረው ቦታ አስቀመጠቻት።

"ሽቅብ ቦታ አለ እኮ" አለ አንዱ፣ አዝኖላት ሊሆን ይችላል።

"ቤቴ እዚያ ነው" አለች።

የበርበሬውን ሰሃን አቀረበች። "አሁን እናንተ በትኑት። ሁሉም የራሱን።"

መጀመሪያ የደፈሩት ኣሰለፈች ናቸው። "የስዋ አተላ እደፋለሁ። ሰፈሩ የሚያውቀውን ምን እደብቃለሁ" ብለው በተኑ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ የልብስ እጣቢ፣ የበግ ፈርስ፣ ስሙ የማይጠራ ነገርም። ሓድጉ ብቻ ቀረ። ሁሉም ያዩታል። እሱ የሚያየው እሷን ነው። ሰሃኑ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"አንዳንዴ" አለ። "በርሜሉ ሲሞላ።"

ቆንጥሮ ጣለ።

ለተመድህን ሃይላንዷን ገለበጠች። ኮረብታው ላይ የሚያቆመው ስፖንጅ አልቀረም፤ ውሃው ሸሸ፣ ተንደረደረ፣ በባዶው ተዳፋት ላይ የሚይዘው አጣ። ቀዩ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ፈጠነ። የኣሰለፈች ቆርኪ ተንሸራታ ወረደች፤ "ወይ ዕድሌ" አሉ ኣሰለፈች፣ በዓይናቸው እየሸኟት። ሁሉም ነገር፣ የሁሉም ቀይ፣ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ። ጠማማዋ ለ ባለችበት ጥቂት ተንሳፈፈችና በቀዩ ተሸፈነች።

ኣሰለፈች ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ከሳፋው ነከሩ። ቀመሱት። ፊታቸው ትንሽ ተኮማተረ።

"በርበሬ ነው" አሉ ለሕዝቡ። "ያውም ቅመም ያልገባበት። ቀለም አይደለም። በበርበሬ አጥር ሲቀባ አላየሁም።"

ሳቁ፤ ትንፋሽ ወጣ። ሓድጉ አልሳቀም።

"ስለዚህ ጉድጓድሽ ነው ነገሩ" አላት።

"አዎ" አለች። "ጉድጓዴ ነው።"

"ይኸው። ሳይንስ ነው ስትይ ከረምሽ፤ ነገሩ የጉድጓድሽ ነው።"

"ሳይንስም ነው። ጉድጓዴም ነው። ውሃው ይሸተኛል፣ ኣያ ሓድጉ።"

"ደጄ ክፍት ነው። ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም? ካፈርሽኝ ሽማግሌ አትልኪም? ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገረው እንዴት ነው እዚህ ሀገር?"

"ፈራሁ።"

"ምኔን?"

"ያላየሁትን አየሁ ማለትን።"

ሓድጉ ት ያለባትን ቆርኪ አየ። ከዚያ ዝግ ብሎ "ስለዚህ በልጄ እጅ አስነገርሽው" አለ።

እንደዚያ አላሰብኩም ልትል ፈለገች። ግን ትምኒት በሦስት ጣቷ ስታነሳ ልቧ የዘለለው ትዝ አላት። ያ ዝላይ ምን እንደነበር እግዜር ያውቃል፤ እሷም ትንሽ ታውቃለች። ሓድጉ ት ያለባትን ቆርኪ ከኮረብታው ጫፍ አነሳ፣ በሱሪው ጠረጋት፣ ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሁድ ቀኑ ሙሉ ደመና ነበር። የአዝመራው፣ የበልጉ ዝናብ ሊመጣ ተራራው ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ ተጣላ ዘመድ ደጅ ቆሞ አልገባም አለ። አስማማው የጉድጓዱን ክዳን በአዲስ ጣውላ ሲያጠብቅ ያንጎራጉራል፦

ጎረቤቴ ሆይ፣ በርህን አትዝጋ፣
እኔም እንዳንተ ነኝ ሲመሽ የምሰጋ።

"ይህንን ለሓድጉ ነው?" አለችው።

"ለሁለታችሁም ነው" አለ፣ ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቁልፍ በእጁ ይዟል።

"ሓድጉ በማለዳ መጥቶ ነበር" አላት።

"መሸኛውን ወሰደ?"

"ስለ መሸኛ አላነሳም። ያንን ክፍል ክፈትልኝ አለኝ። ብቻዬን ተወኝ አለ። እኔም..." ዮሃንስ ቁልፉን ዘረጋላት።

ለተመድህን ወደ ክፍሉ ሮጠች ማለት ይቻላል። የተቀደደ ላስቲክ፣ የተረገጠ ጭቃ ነበር በዓይኗ የታያት። የክፍሉን በር ስትከፍት ግን ሁሉም እንዳለ ነው። ኮረብታው እንደተጨናነቀ፣ ተዳፋቱ እንደባዶ። ከግርጌው ብቻ አንድ ነገር ተጨምሯል። ከጠማማዋ ለ አጠገብ፣ ሳትነካት፣ ግን ከጥላዋ ሳትርቅ፣ ት ያለባት ቆርኪ ተቀምጣለች።

ወደ ክፍሏ ስትሄድ ትምኒት ከወንበሯ ላይ ነበረች። ደብተሯን ከፍታ፣ አንገቷን ደፍታ።

"አባትሽ ነው ያስቀመጠው?" አለቻት መምህርቷ፣ ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"ምን አለ?"

ትምኒት ሳቋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች። "'ላይ ሆኜ አላያትም። ከጎኗ ሆኜ ነው የምጠብቃት' አለ። የምትሠሪውን ሁሉ አይቼ እንድነግረውም ልኮኛል።"

"እና ትነግሪዋለሽ?"

"ሁሉንም" አለች ትምኒት።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠብታውን ለቀቀ። ለተመድህን ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ወደ ቤቷ ስትወርድ ቦዩ መናገር ጀምሯል። ከጋራዡ ፊት ቆመች። በርሜሉ ከቆርቆሮው ሥር ገብቷል፤ በላዩ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ድንጋይ። ድንጋዩ ዛሬ ይቀመጥ ትናንት አይታወቅም፤ ነገ ይኑር አይኑርም አይታወቅም። ሓድጉ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል።

"ምን ታያለሽ፣ መምህር?"

"ውሃውን።"

"እኔም አንቺን" አለ።

እሷ ቆመች፤ እሱም አልተነሳም። ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ይወርድ ነበር። ቦዩ ከጋራዡ በላይ ከየትም የመጣ አፈር ይዞ፣ ቡናማ ሆኖ፣ አለፋቸው። ለተመድህን ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ዘገነች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ሓድጉ ከተቀመጠበት አንገቱን አሰገገ። "ምን ይላል?"

"ገና ነው" አለች፣ ውሃውን ከእጇ ሳትለቅ። "ቆይ እስቲ።"